«ፍልሰት» ወይስ «ዝውውር»?
የሥሪት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ሲለወጥ ስለሚያስፈልጉ የአማርኛ ስያሜዎች

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ስንመልስ ከቃሉ ፍች ባሻገር አንባቢው ቃሉን ይዞ ምን ሊሠራ እንደሚነሣ ማሰብ ይገባል። ስያሜው ሲሳሳት ሥራው አብሮ ይሳሳታልና። ይህንኑ በአንድ ምሳሌ ለማሳየት እንሞክራለን።

የሥሪት መቆጣጠሪያ ሥርዓት የምንለው፣ በአንድ ጽሑፍ ወይም በአንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ፣ ማን፣ መቼና ስለ ምን እንዳደረገው ጭምር መዝግቦ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቀድሞው ፍች ሳይፋቅ አዲሱ ከነአራሚው ስም፣ ከነቀኑና ከነምክንያቱ የሚጻፍበትን የቃል ካርድ ያስታውሷል። በዚህ ዘርፍ ሲቪኤስ በ1980ዎቹ፣ ሰብቨርዥን በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ጊት ደግሞ በ2005 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ተከታትለው መጥተዋል። በቀደሙት ሁለቱ የለውጡ ታሪክ በአንድ ማእከላዊ ኮምፒዩተር ሲቀመጥ፣ በጊት ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉውን ታሪክ በእጁ ይይዛል። ብዙ ድርጅቶች ከአሮጌው ወደ አዲሱ የተሻገሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አማርኛም በዚሁ መንገድ አልፏል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ የወራት፣ የዕለታትና የአገሮች ስሞች በአማርኛ የሚገኙበት ሲኤልዲአር የተባለው የዩኒኮድ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሰብቨርዥን ወደ ጊት ተሻግሯል። በመሻገሪያው ታሪኩ ቢቀር ኖሮ፣ አንድ የአማርኛ ስያሜ መቼና በምን ምክንያት እንደ ተለወጠ የሚፈልግ ተመራማሪ መንገዱ በዚያ ዓመት ላይ ይቋረጥበት ነበር።

እንግዲህ ይህን መሻገር ምን እንበለው? «ቅጂ» ካልን አንባቢው የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ብቻ ይገለብጣል። «ዝውውር» የመሥሪያ ቤት ሠራተኛን ያስታውሳል፤ ሰውዬው ይሄዳል፣ የሠራው ሥራ ግን በነበረበት ይቀራል። «ሽግግር» ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መለወጥን እንጂ ዕቃን ከነታሪኩ ማንሣትን አያመለክትም።

የቀሩት ሦስት ቃላት ክብደታቸው የሚታወቀው በተናጋሪው ኑሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከከተማ ቢሮ ወጣ ብለን በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም በቦረና፣ በሳይንትና በአካባቢያቸው በሚነገረው አማርኛ እንመዝናቸው። በዚያ አገር «ሰፈራ» ተራ ቃል አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጎዱ ክፍላተ ሀገር አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ሌሎችም ሲያጓጉዝ ትልቁ ድርሻ የወሎ ነበር። ብዙ ቤተሰብም ተለያየ። «ስደት» ደግሞ ዛሬ ወደ ዐረብ አገር የሄደች ልጅን ያስታውሳል። ሁለቱም ቃላት የሚናገሩት ስለ ተለየውና ስለ ቀረው ነው።

«ፍልሰት» ግን ከሕዝብ እንቅስቃሴ ሌላ የቆየ ፍች አለው። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም የሚታሰበው የእመቤታችን ሥጋ መፍለስ ነው። ግንቦት 12 ቀን የሚከበረው ፍልሰተ ዐፅሙ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖትም ዐፅም በክብር፣ ሳይጎድል፣ ከአንድ ማረፊያ ወደ ሌላ መሄዱን ያመለክታል። እንደ ተድባበ ማርያም ያለ ጥንታዊ ደብር ባለበት በሳይንት ይህ ፍች በምእመናኑ ዘንድ ሕያው ነው። የምንፈልገው ጽንሰ ሐሳብም ይኸው፣ ምንም ሳይጎድል መሄድ ነው። እርግጥ ከዚሁ ሥር ቤተ እስራኤላውያን የማይቀበሉት የስድብ ስም ወጥቷል፤ ስለሆነም መሣሪያውን «አፍላሽ»፣ ድርጊቱን «ማፍለስ» ብለን በእነዚህ ቅርጾች እንድንወሰን እንመክራለን።

ታሪኩ የሚቀመጥበትን ስፍራ «ማኅደር» ብንለው ይስማማል። በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚያዝበት የቆዳ ከረጢት ነው፤ በመሥሪያ ቤት የአንድ ጉዳይ ደብዳቤዎች በተራ የሚታሰሩበት ነው። በሁለቱም ዘንድ ማኅደር ሲነሣ በውስጡ ያለው አብሮ ይነሣል።

ማፍለሱ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ዝግጅት የሚከተለው ነው።

ሀ) የስም ማዛመጃ። ሰብቨርዥን የአራሚውን አጭር የመግቢያ ስም ብቻ ሲይዝ፣ ጊት ሙሉ ስምና የኢሜል አድራሻ ይጠይቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር አጭሩን ስም ከሙሉው የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አስቀድሞ ይዘጋጃል። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ሁለት እንዳይሆን፣ ሞክሼዎችም አንድ እንዳይሆኑ ጥንቃቄ ያሻል። በብራና መጻሕፍት የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ተጽፎበት ስናገኝ የምናዝነው ኀዘን በዚህም እንዳይደርስ ነው።

ለ) ግንድና ቅርንጫፍ። በሰብቨርዥን ዋናው የሥራ መስመር፣ ቅርንጫፎቹና መለያዎቹ በልማድ የተሰየሙ ተራ አቃፊዎች ናቸው። የትኛው ግንድ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ለአፍላሹ ካልተነገረው ሁሉንም እንደ አቃፊ ይወስዳቸዋል።

ሐ) ፊደል። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፊደላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። በእነርሱ የተጻፈ ፋይል ወይም የለውጥ ማስታወሻ ካለ ወደ ዩኒኮድ መመለስ አለበት፤ አለዚያ ታሪኩ ቢፈልስም የሚያነበው አይኖርም።

መ) የቁጥር ማመሳከሪያ። ሰብቨርዥን ለውጦችን በተራ ቁጥር ሲጠራ፣ ጊት ከይዘቱ ተሰልቶ በሚወጣ፣ በተለመደው አሠራር 40 ምልክት ባለው መታወቂያ ይጠራል። ይህን «አሻራ» ብለነዋል። በደብዳቤ ላይ «በ512ኛው ለውጥ» ተብሎ የተጻፈው እንዲገኝ የሁለቱ ማመሳከሪያ ይቀመጥ።

ሠ) ምርመራ። ፍልሰቱ በመጀመሪያ በሙከራ ይደረጋል፤ የሁለቱ ማኅደሮች ይዘትና የለውጦቻቸው ታሪክ ይነጻጸራል። ከዚያም አሮጌው ማኅደር ለመጻፍ ተዘግቶ ለማንበብ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

በመሆኑም «ፋይሎቹ ተቀዱ» እና «ማኅደሩ ፈለሰ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የአጻጻፍ ውበት ልዩነት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን በመመሪያ ላይ ያነበበ የመካነ ሰላም ወጣት ባለሙያ የዛሬውን ጽሑፍ ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ያነበበው ግን የጸሐፊዎቹን ስምና ምክንያት ሳይጠይቅ ሥራውን ጨረስኩ አይልም። ተርጓሚዎች ስያሜዎቹን በሥራቸው ፈትነው የሚጎድለውን እንዲያርሙ እንጠይቃለን። የሚያርሙትም ከነምክንያቱ ይመዝገብ።