«ይበራል ግን አይነሳም»፦ የተነካካ ፕሌይስቴሽን ስንት ይከፈልበታል?

ባገለገለ ፕሌይስቴሽን ግብይት ላይ ሻጭና ገዢን ከሚያነታርኩ አነጋገሮች አንዱ «ይበራል ግን አይነሳም» የሚለው ነው፡፡ ሻጩ «ትንሽ ነገር ነው፣ የሶፍትዌር ጣጣ ነው» ይላል፡፡ ገዢው በበኩሉ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ብሎ ዋጋውን ወደ መለዋወጫ ዋጋ ያወርዳል፡፡ ደላላው መሀል ላይ ቆሞ ልዩነቱን ለሁለት ይከፍልና ያስማማል፡፡ ነገር ግን ከሦስቱ አንዳቸውም መሣሪያውን በሥርዓት ሳይፈትሹት ዋጋው ከተቆረጠ አንደኛው ወገን መክሰሩ አይቀርም፡፡

ጉዳዩ የልጆች መጫወቻ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፡፡ በከተሞቻችን በአንዲት ጠባብ ክፍል ጥቂት ቴሌቪዥኖችና ፕሌይስቴሽኖች ደርድረው በጨዋታ ሒሳብ የሚያስከፍሉ ቤቶች አሉ፡፡ አንድ መሣሪያ አልነሳ ባለ ቁጥር የዚያ ወንበር ገቢ ይቆማል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይቆምም፡፡ ስለሆነም ብልሽቱ ያለው በራሱ በመሣሪያው ላይ ነው ወይስ በኋላ በተጨመረበት ነገር ላይ? የሚለውን ጥያቄ በቅደም ተከተል መመለስ የቻለ ነጋዴ ትርፉን ከኪሳራው ይለያል፡፡ ለዚህ ማሳያ እንዲሆነን በብዛት የተሸጠውንና በብዛት የተነካካውን ፕሌይስቴሽን 2 እንመልከት፡፡

ለምን ይነካካል?

ፕሌይስቴሽን 2ን የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ለአገሩ ገበያ አቀረበው፡፡ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይም ወደ አሜሪካና አውሮፓ ገበያ ገባ፡፡ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ እስኪቆም ድረስ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፡፡ ምርቱ ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆነ ዛሬ ለገዢ የሚቀርበው ዕቃ በአብዛኛው በብዙ እጅ ያለፈና ቢያንስ አንድ ጊዜ የተፈታ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል፡፡

መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ዋናውን ዲስክ፣ ያውም ለተሸጠበት አህጉር የተዘጋጀውን ብቻ እንዲያነብ ተቆልፏል፡፡ ቁልፉን ለማለፍ ሁለት መንገዶች ተለምደዋል፡፡ አንደኛው በማዘርቦርዱ ላይ በቀጫጭን ሽቦዎች የሚበየድ ቺፕ ነው፡፡ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፍሪ ማክቡት የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህ ሜሞሪ ካርድ ላይ ተጭኖ መሣሪያው ሲነሳ ቀድሞ የሚገባ ስለሆነ ብየዳ አያስፈልገውም፡፡ የሁለቱ ብልሽትም ጥገናም ዋጋም የተለያየ ነውና ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በየትኛው ነው የተነካካው?» ብሎ ነው፡፡

ከመሰካት በፊት ጀርባውን ማንበብ

በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሥር ኤስሲፒኤች ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ አምስት አሃዝ ያለው የሞዴል ቁጥር ይገኛል፡፡ የመጨረሻው አሃዝ 0 ከሆነ ለጃፓን፣ 1 ከሆነ ለሰሜን አሜሪካ፣ 3 ከሆነ ለእንግሊዝ፣ 4 ከሆነ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ነው፡፡

ይህ አሃዝ ለእኛ አገር ገዢ ገንዘብ ነው፡፡ የእኛ መብራት 220 ቮልት ሲሆን ወፍራሙ የአሜሪካ ሞዴል 120 ቮልት፣ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ይፈልጋል፡፡ ከአሜሪካ በሻንጣ የገባ ወፍራም ፕሌይስቴሽን ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፊውዙ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፡፡ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሻጩ «ቺፑ አስቸገረው» ብሎ ቢያቀርበው ገዢው በከንቱ ቺፑን ሲያስነካካ ይከርማል፡፡ ስሱ ሞዴል ከ70000 እስከ 79000 ባለው ተከታታይ የሚሠራው በውጭ አዳፕተር ስለሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ይበቃል፡፡ በ90000 ተከታታይ ግን ፓወር ሰፕላዩ ወደ ውስጥ ገብቷል፡፡

ሌላው የምስሉ ሥርዓት ነው፡፡ የአሜሪካና የጃፓን መሣሪያ ኤንቲኤስሲ፣ የአውሮፓው ፓል በሚባለው ሥርዓት ይሠራል፡፡ ሁለቱንም የማይቀበል ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ጥቁርና ነጭ ይሆናል፡፡ ይህ የቴሌቪዥኑ እንጂ የመሣሪያው ብልሽት ስላልሆነ ዋጋ ሊያስቀንስ አይገባም፡፡

መብራቱ የሚናገረው

ቀጥሎ የሚታየው የማብሪያው መብራት ነው፡፡ ወፍራሙ ሞዴል ከጀርባው ዋና ማብሪያ ስላለው ይህ መከፈቱ ይረጋገጥ፡፡ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መብራቱ ቀይ፣ ሲነሳ አረንጓዴ ይሆናል፡፡

ጨርሶ ቀይ ካልበራ ጥርጣሬው በገመድ፣ በአዳፕተር፣ በፊውዝ ወይም በፓወር ሰፕላይ ላይ ነው፡፡ አረንጓዴ ሆኖ ወዲያው ወደ ቀይ የሚመለስ ከሆነ ውስጥ የተነካካ ሽቦ ወይም የደከመ ፓወር ሰፕላይ ሊኖር ይችላል፤ ቺፕ ያለበት ከሆነ ብየዳው ይመርመር፡፡ አረንጓዴው ጸንቶ ምስል ብቻ ከጠፋ ግን ዕቃው ሞቷል ለማለት ገና ነው፡፡ የምስል ገመዱን በሌላ ገመድ፣ ቴሌቪዥኑንም በሌላ ቴሌቪዥን ቀይሮ ማየት ምንም አያስወጣም፡፡

አራቁቶ ማስነሳት

ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያለው ፈተና መሣሪያውን አራቁቶ ማስነሳት ነው፡፡ ሜሞሪ ካርዱ፣ ፍላሹ፣ ዲስኩ፣ ወፍራሙ ላይ ደግሞ ከኋላ የሚገባው ሃርድ ዲስክ ሁሉ ይወጣል፡፡ ከዚያ ይከፈታል፡፡ ጤነኛ ፕሌይስቴሽን 2 ምንም ሳይኖርበት ሲነሳ ሁለት ምርጫ ወዳለው ዋና ገጽ ይደርሳል፤ አንዱ በካርድና በዲስክ ላይ ያለውን የሚያሳይ፣ ሌላው የመሣሪያው ማስተካከያ ነው፡፡

እዚህ ገጽ ላይ ከደረሰ ማዘርቦርዱ ሄዷል የሚለው ክርክር በአብዛኛው ያበቃል፡፡ ዕቃው የሚነሳ ነው፤ ያስቸገረው የተጨመረበት ነገር ነው፡፡ ገጹ ላይ ሳይደርስ በጥቁር ምስል ከቀረና ቺፕ ያለበት ከሆነ ግን ቺፑ፣ ብየዳው ወይም ማዘርቦርዱ ተጠርጣሪ ናቸው፡፡ በነቃ ቁጥር ሰዓትና ቀን የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው የሰዓት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ይህም ከጥቃቅን ጥገና የሚቆጠር ነው፡፡

ካርዱ ያለበት ከሆነ

ያለ ካርድ የሚነሳ፣ ካርዱ ሲገባ ግን የሚደርቅ መሣሪያ ካርዱ ተበላሽቷል፣ ወይም ለሌላ ሞዴል ተዘጋጅቷል ማለት ነው፡፡ ፕሮግራሙ ካርዱ ላይ ሲጫን ለአንድ መሣሪያ ብቻ ወይም ለብዙ ሞዴሎች እንዲሠራ ተደርጎ ሊጫን ይችላል፡፡ በሌላ አህጉር መሣሪያ ላይ የተዘጋጀ ካርድ እዚህኛው ላይ ዝም ቢል የሚያስገርም አይደለም፡፡

የካርዱ ፋይል ከካርዱ ጋር በምሥጢር የተያያዘ በመሆኑ እንደ ተራ ፋይል ገልብጦ ወደ ሌላ ካርድ ማዛወር አይሠራም፤ በመጫኛው ፕሮግራም እንደገና መጫን አለበት፡፡ ዋናው የሶኒ ካርድ 8 ሜጋባይት ሲሆን፣ በትልቅ መጠን የሚሸጡ አንዳንድ አስመስሎ የተሠሩ ካርዶች ይህን ጥበቃ ስለማይደግፉ ፕሮግራሙን አይቀበሉም፡፡ በመጠኑ ትልቅነት ተታሎ ካርድ በብዛት የገዛ ቸርቻሪ ኪሳራው የራሱ ይሆናል፡፡

አንድ ነገር መታወቅ አለበት፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2008 መገባደጃ ገደማ ወዲህ የተመረቱት የ90000 ተከታታይ መሣሪያዎች ይህን የካርድ ፕሮግራም ከነአካቴው አያስነሱም፡፡ ሶኒ በሩን ዘግቶታል፡፡ ለእነዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፍሪዲቪዲቡት የተባለው፣ በተቀዳ ዲቪዲ የሚገባው መንገድ አለ፤ እርሱ ግን ደህና ሌንስ ይፈልጋል፡፡ ስለዚህ «ካርድ ግዛና ይሠራልሃል» ተብሎ የተሸጠ የኋለኛ ዘመን 90000 ገዢውን ለሁለተኛ ወጪ ይዳርገዋል፡፡

ካርዱ ተነስቶ ጨዋታው ብቻ በጥቁር ወይም በነጭ ምስል ከቀረስ? ጨዋታው ከፍላሽ የሚጫን ከሆነ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ተበታትኖ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ፍላሹን አጽድቶ እንደገና መገልበጥ ነው፡፡ በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም፡፡ ደግሞም የመሣሪያው ዩኤስቢ የድሮው 1.1 ስለሆነ በጨዋታው መሀል ያለው ፊልም ቢቆራረጥ መሣሪያውን መውቀስ ተገቢ አይሆንም፡፡

ቺፑና ሌንሱ

ቺፕ የተበየደበት መሣሪያ አንድ ቀን ተነስቶ አንድ ቀን የሚያምፅ ከሆነ፣ ወይም ሲነካ የሚሠራ ከሆነ፣ የላላ ሽቦ ይጠረጠራል፡፡ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ያስተካክለዋል፡፡ ባልሰለጠነ እጅ የተበየደ ግን የማዘርቦርዱን መስመር አንስቶት ሊሆን ስለሚችል ክዳኑን ከፍቶ ሳያዩ ዋጋ መቁረጥ አይበጅም፡፡

ዋናው ገጽ ላይ ደርሶ ዲስክ ሲገባበት ቀይ ገጽ አውጥቶ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ወደ ዲስኩና ወደ ሌንሱ ይዞራል፡፡ በአራት ዓይነት ዲስክ መሞከር ነው፦ በዲቪዲ የወጣ ዋና ጨዋታ፣ ሥሩ ሰማያዊ የሆነው የሲዲ ጨዋታ፣ ሥሩ ጥቁር የሆነው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስክና የፊልም ዲቪዲ፡፡ ዲቪዲውን እያነበበ ሲዲውን ወይም ሲዲውን እያነበበ ዲቪዲውን እምቢ ካለ ሌንሱ ደክሟል፡፡ ከኋለኞቹ ሞዴሎች በአንዳንዶቹ ላይ ቺፕ ከገባ በኋላ የሌንሱ ጥቅል ሽቦ የመቃጠል ችግር ስለታየ መከላከያ ጨምሮ መበየድ ተለምዷል፤ ይህ መከላከያ አለመኖሩ ለገዢው የመደራደሪያ ነጥብ ነው፡፡

ቺፕ የሌለውና በካርድ ብቻ የሚነሳ መሣሪያ የተቀዳ ጨዋታ ዲስክ በቀጥታ ባያነብ ግን ተበላሽቷል አይባልም፡፡ ካርዱ ብቻውን ያን ሥራ አይሠራምና፡፡

ዋጋው እንዴት ይቆረጥ?

ለስሌት ያህል ደህና የሚሠራ መሣሪያ 100 ብር ነው፣ የሞተው ደግሞ ለመለዋወጫ 20 ብር ያወጣል ብለን እንያዝ፡፡ ካርድ ለመቀየር 10፣ ሌንስ ከነእጅ ዋጋው 35 ይፈጃል፤ ነጋዴውም 15 ትርፍ ይፈልጋል እንበል፡፡ ጥፋቱ የካርድ ከሆነ እስከ 75 ብር መክፈል ይቻላል፡፡ የሌንስ ከሆነ ከ50 ማለፍ የለበትም፡፡ የማዘርቦርድ ከሆነ ከ20 ዝቅ ካላለ ትርፍ የለውም፡፡ «አይነሳም» የምትለዋ አንዲት ቃል በ75 እና በ20 መካከል የ55 ብር ልዩነት ይዛለች ማለት ነው፡፡ ይህን ልዩነት የሚለየው አራቁቶ የማስነሳቱ ፈተና ደግሞ ገመድና ቴሌቪዥን ብቻ ይፈልጋል፡፡

ፈተናው ለሻጭም ይጠቅማል፡፡ ካርዱ ብቻ የተበላሸበትን ዕቃ በመለዋወጫ ዋጋ የሸጠ ሰው ከገዢው ባልተናነሰ ተጎድቷል፡፡ ለደላላም ቢሆን መፈተን ይሻለዋል፤ ኮሚሽኑ የሚያድገው ዋጋው በእውነት ሲቆረጥ እንጂ ዕቃው ሦስት ጊዜ ሲመለስ አይደለም፡፡

ሕጉም ሊዘነጋ አይገባም፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢ ደግሞ ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል፡፡ ገዢው እያወቀ የገዛውን ጉድለት ኋላ መልሶ ማንሳት ይቸገራል፡፡ ስለሆነም በደረሰኙ ወይም በውሉ ላይ የሞዴሉን ቁጥር፣ በቺፕ ወይም በካርድ የተነካካ መሆኑን፣ በፈተናው ወቅት የት ድረስ እንደተነሳ በሁለት መስመር መጻፍ ለሁለቱም ወገን መጠበቂያ ነው፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም የሚጠብቅ በመሆኑ የተቀዱ ጨዋታዎችን ከመሣሪያው ጋር ጠቅልሎ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ከወጪው ሒሳብ ውጭ ማድረግ የለበትም፡፡

በአጭሩ ቅደም ተከተሉ ቁጥሩን ማንበብ፣ መብራቱን ማየት፣ አራቁቶ ማስነሳት፣ ከዚያ የተጨመረውን አንድ በአንድ መመለስ ነው፡፡ ሲመልሱት የሚደርቅበት ዕቃ ጥፋተኛው እርሱ ነው፡፡ ይህን ሁሉ በሻጩ ፊት ማድረግ ካልተፈቀደ ግን ለመለዋወጫ ከሚወጣው ዋጋ በላይ አለመክፈል ይበጃል፡፡