ከጠፉት የጥንት ድንቅ ሥራዎች የትኛው ለጥናት ይመረጥ? የእስክንድርያው ፋሮስና የግዕዝ ምንጩ

ከሰባቱ የጥንት ዓለም ድንቅ ሥራዎች ዛሬ ቆሞ የሚታየው የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ብቻ ነው። የቀሩት ስድስቱ ጠፍተዋል፤ ከእነርሱም መካከል መኖሩ ራሱ የሚያከራክር አለ። የጥንት ታሪክ ወይም የአርኪዮሎጂ ተማሪ ከእነዚህ አንዱን መርጦ የጥናት ወረቀት እንዲያቀርብ ሲጠየቅ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ዝናን የተከተለ ይሆናል፤ ወረቀቱም ሌሎች ደጋግመው የተረኩትን መልሶ ከመተረክ አያልፍም። ለምርጫው የተሻለ መመዘኛ የሚሆኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ስለ ሥራው ምን ዓይነት ማስረጃ ተርፏል? ያንንስ ማስረጃ ተማሪው በራሱ ዓይን አንብቦ ሊመረምረው ይችላል?

ዝርዝሩም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የጸና አልነበረም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) የኖረው ገጣሚ አንቲጳጥሮስ ዘሲዶና ከድንቆቹ መካከል የባቢሎንን ቅጥር ሲቆጥር የእስክንድርያን የመብራት ማማ አላነሣም። ፋሮስ የተባለው ይህ ማማ በዝርዝሩ ውስጥ ስፍራውን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙዎችን የሚስበው የባቢሎን ተንጠልጣይ የአትክልት ስፍራ ነው። ሆኖም ሄሮዶቱስ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ስለ ባቢሎን በስፋት ሲጽፍ ስለ አትክልቱ አንዳች አላለም፤ ናቡከደነፆር ስለ ግንባታዎቹ ያስቀረጻቸው ብዙ ጽሑፎችም ስለዚህ ዝም ይላሉ። ከ1899 እስከ 1917 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን የቆፈሩት ጀርመናዊው ሮበርት ኮልደዋይ ጣሪያው በቅስት የተሠራ ሕንጻ አግኝተው የአትክልቱ መሠረት ነው ብለው ነበር። በዚያው ሕንጻ የተገኙት የሸክላ ጽላቶች ግን የቀለብ አሰጣጥ መዝገብ ሆነው ተገኙ፤ ዘይት ከሚሰጣቸው ሰዎች መካከልም ተማርኮ የተወሰደው የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን ይገኝበታል። ስለዚህ ሕንጻው ግምጃ ቤት ሳይሆን አይቀርም የሚለው አስተያየት አየለ። ስቴፋኒ ዳሊ ደግሞ በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ አትክልቱ የነበረው በባቢሎን ሳይሆን በነነዌ እንደሆነና ያሠራውም የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም እንደሆነ ተከራክረዋል። ክርክሩ ማራኪ ነው። ይሁን እንጂ የአካድን ቋንቋ ለማያነብ ተማሪ የሚቀረው ድርሻ በሊቃውንት መካከል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ ነው፤ ያለ ማስረጃ የሚሰጥ ዳኝነት ደግሞ የማንንም ነገር አይፈታም።

የኤፌሶን የአርጤምስ ቤተ መቅደስና የሃሊካርናሰስ መቃብር ችግራቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁለቱም ተቆፍረዋል፤ ቅርጻ ቅርጾቻቸው በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ለዲዛይንና ለቅርጽ ጥናት የሚመቹ ናቸው፤ ነገር ግን ዕቃዎቹን ቀርቦ ማየት ለማይችል ተማሪ ከፎቶግራፍና ከሰው መግለጫ በቀር የሚሠራበት የለም። የሮድሱ ግዙፍ ሐውልት ደግሞ ምንም ቅሪት አልተወም፤ በ226 ቅ.ል.ክ. ገደማ በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቋል። እግሮቹን ከፍቶ በወደቡ አፍ ላይ ቆሞ የሚያሳየው ሥዕል ከጊዜ በኋላ የተፈጠረ ምናብ ነው።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ ፋሮስ ከሌሎቹ የተለየ ነው። ማማው የተሠራው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጥሊሞሳውያን ነገሥታት ዘመን ሲሆን ቁመቱ ከ100 ሜትር ያላነሰ እንደነበረ ይገመታል። ስትራቦ ነጭ ድንጋዩንና የክኒዶሱን ሶስትራቶስ ስም ያነሣል። ማማው ከሺህ ዓመት በላይ ስለቆመ ከግሪክና ከሮማ ጸሐፊዎች ሌላ የዐረብ ተጓዦችም አይተውታል። ኢብን ባቱታ በ1326 ሲጎበኘው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ሲመለስ ግን መግባት እንኳ አልተቻለውም። በ1470ዎቹ ሱልጣን ቃይትባይ በስፍራው ምሽግ አሠራ። ከ1994 ጀምሮም በዣን ኢቭ አምፐረር የተመሩ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ከምሽጉ ሥር ባለው ባሕር ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ የድንጋይ ቅሪቶችን መዝግበዋል።

ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ግን ሌላ ምንጭ ነው። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብጽ ጳጳስ የነበረው የዮሐንስ ዘኒቅዩስ ዜና መዋዕል፣ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ «ዮሐንስ መደብር» የሚባለው፣ የመጀመሪያው ድርሰትም የዐረብኛው ትርጉምም ጠፍተው ዛሬ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን ኤርማን ዞተንበርግ ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በ1883 በፓሪስ አሳትመውታል። መጽሐፉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ዐረቦች ግብጽን ስለ መያዛቸው በሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ስለ ጥንታዊቷ እስክንድርያ የሚናገርባቸው ምዕራፎች ያን ያህል አንባቢ አላገኙም።

ከእነዚህ አንዱ ስለ ክሊዮፓትራ ይተርካል። ንግሥቲቱ ከከተማው ውጭ ባለች ደሴት ላይ ወደር የሌለው ቤተ መንግሥት እንደሠራች፣ በዲክሲፋኔስ ምክርም ባሕሩን በድንጋይና በአፈር ደልድላ ሰው በእግሩ የሚሻገርበት እንዳደረገችው ይናገራል። ድልድሉ ፋሮስን ከከተማው ጋር ያገናኘው ነው። ችግሩ ዩልዮስ ቄሳር ነው። ክሊዮፓትራ ገና ለዙፋኗ ስትታገል በ48 ቅ.ል.ክ. በእስክንድርያ የነበረው ቄሳር፣ ድልድሉን የሠሩት የቀድሞ ነገሥታት እንደሆኑ ጽፏል። የዓይን ምስክር ስለሆነ በግንባታው ዘመን ረገድ የእርሱ ቃል ይበልጣል።

ዮሐንስ ተሳስቷል ብሎ ማለፍ ግን ጥያቄውን ባለበት መተው ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ማርሴሊኑስም ማማውንም ድልድሉንም ለክሊዮፓትራ ይሰጣል። እንግዲህ ዮሐንስ የደረሰው አንድ የቆየ ወግ ነበር፤ የሦስት መቶ ዓመታት ሥርወ መንግሥት ሥራ በመጨረሻዋ ንግሥት ስም የተጠቀለለበት ወግ። ወጉ መቼ ተጀመረ? በግብጽ ክርስቲያኖች ዘንድስ የአንዲት አረማዊት ንግሥት ስም ለምን በምስጋና ተጠበቀ? እነዚህ በአንድ ሴሚስተር ወረቀት ሊያዙ የሚችሉ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ባሕር መጥለቅን ሳይሆን ግዕዝ ማንበብን ነው።

ወደ ሥራው የሚገባ ተማሪ ከወዲሁ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ግዕዙ የትርጉም ትርጉም በመሆኑ የሰውና የቦታ ስሞች በብዙ ስፍራ ተበላሽተዋል፤ ዐረብኛ አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለየው በነጥብ ስለሆነ አንድ ነጥብ ሲጠፋ ወይም ቦታው ሲዛወር ስሙ ሌላ ይሆናል። አጠራጣሪ ስም ሲገጥም በዐረብኛ ፊደል መልሶ መጻፍና ነጥቦቹን እየለወጡ ከግሪኩ ስም ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። የዞተንበርግን የፈረንሳይኛ ትርጉም ብቻ ተከትሎ የሚጽፍ ተማሪ ይህን ዓይነቱን ስሕተት የሚያይበት መንገድ የለውም።