ገንዘቡ መረሬው ውስጥ ሲቀር

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። የእርሻ ተመራማሪዎች በመረሬ አፈር ምርምር ጣቢያዋ ያውቋታል። ያንኑ መረሬ ተቋራጮችም ያውቁታል፤ ግን ስሙን ሲያነሱ ፊታቸው አይፈታም። ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ቆፍሮ ያወጣውና በገረጋንቲ ይተካዋል። በጨረታው ሰነድ አንድ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ቁፋሮ ሁለት ሜትር ከሆነ፣ የትርፉን ቁፋሮ የሎደርና የገልባጭ ኪራይ መጀመሪያ የሚከፍለው ተቋራጩ ነው። አሠሪው የሚከፍለው የሥራ ለውጥ ትእዛዙ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ትንንሽ ተቋራጮች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እንዲህ ባለው የጊዜ ክፍተት ነው። ሥራው ትርፍ ቢኖረውም የቅዳሜ የሠራተኛ ደመወዝ ትርፍ እስኪመጣ አይጠብቅም። ታዲያ በክፍተቱ ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ከየት ይገኛል?

አንደኛው በር ውሉ ራሱ ነው። የመንግሥት ሥራ የያዘ ተቋራጭ ዋስትና አቅርቦ እስከ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ መውሰድ ይችላል። ወለድ የለበትም፤ ቢሆንም ነፃ ገንዘብ አይደለም። እንበል አንድ የትምህርት ቤት ሕንፃ በ20 ሚሊዮን ብር ተወሰደ። ቅድመ ክፍያው 6 ሚሊዮን ነው። ከዚያ የ3 ሚሊዮን ብር ሥራ ተሠርቶ የክፍያ ሰርተፍኬት ሲቀርብ፣ 900 ሺህው ለቅድመ ክፍያው ተመላሽ ይቆረጣል፤ 5 በመቶው፣ ማለትም 150 ሺህው፣ በመያዣነት ይቀራል። ታክሱን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ለተቋራጩ የሚደርሰው 1 ሚሊዮን 950 ሺህ ብር ነው። ቅድመ ክፍያውን ለሲሚንቶና ለፌሮ ያዋለ ሰው ይህን ቅነሳ ይችለዋል። መኪና የገዛበት፣ ወይም የቀድሞ ሥራውን ዕዳ የደፈነበት ግን ሦስተኛው ሰርተፍኬት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በየከተማው ግማሽ ላይ ቆመው ከሚታዩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ እንዲህ የቆሙ ይመስለኛል።

የመያዣው ገንዘብ ግማሽ በጊዜያዊ ርክክብ፣ ቀሪው የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያበቃ ይለቀቃል። ውሉ ከፈቀደ በባንክ ዋስትና ተክቶ ቀድሞ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ይህን አንቀጽ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ አነስተኛ ድርጅቶችም የባንክ ዋስትና ባያገኙ ከአደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ የሚያቀርቡበት አሠራር አለ።

ክፍያ ቢዘገይስ? ውሉ ሌላ ካላለ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕጋዊ ወለድ 9 በመቶ ነው። ባንክ ከዚያ በላይ ስለሚያስከፍል፣ ማዘግየት ለአሠሪው የሚረክስ ብድር ሆኗል ማለት ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያልተከፈለ ሰርተፍኬት ደግሞ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ያኔ ክረምቱ ገብቷል፣ መረሬውም ጭቃ ሆኗል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተቋራጭ የሥራ ልኬቱንና የለውጥ ትእዛዙን በግንቦት አስፈርሞ ይጨርሳል።

ሁለተኛው በር የዕቃ ነጋዴው ነው። ጊንጪ ያለችበት የምዕራብ ሸዋ ዞን ከአገሪቱ ሲሚንቶ ቤቶች አንዱ ነው፤ የሙገር ፋብሪካ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዳንጎቴው ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ ዞን ያመርታሉ። የጊንጪ ተቋራጭ ግን ፋብሪካው ጎረቤቱ ስለሆነ ብቻ ዱቤ አያገኝም። ዱቤ የሚያገኘው ከሱቅ ነው፣ የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ አስይዞ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ቼክ በሕጋችን በቀረበበት ቀን የሚከፈል ሰነድ ነው፤ በላዩ የተጻፈው የወደፊት ቀን ነጋዴውን ከባንክ መስኮት አያግደውም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። የዱቤው ዕዳ ተራ የገንዘብ ክርክር ሆኖ ሳለ ቼኩ ወደ ወህኒ ሊወስድ ይችላል። አራጣም በዚሁ ሕግ ወንጀል ነው፤ ተበዳሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚከሰው ቤቱን ከተነጠቀ በኋላ ነው።

ባንክ ቤቱ ሦስተኛው ነው። ድሮ ለዚህ ዘርፍ በስሙ የቆመ ባንክ ነበረን፤ በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተብሎ ተቋቁሞ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የሆነው፣ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ተቋራጩ ከሌላው ነጋዴ ጋር እኩል ይሰለፋል። ሰልፉም ጠቦ ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ጣሪያው የሞላበት ባንክ በመያዣነት ያቀረብከውን ቤት ወድዶም ቢሆን ብድሩን አይሰጥህም ነበር።

የሚያስይዘው ቤት ለሌለው ሁለት መንገድ አለ። አንዳንድ ባንኮች የጸደቀ የክፍያ ሰርተፍኬት አይተው ያበድራሉ፤ አሠሪው መሥሪያ ቤት ክፍያውን በዚያው ባንክ ሒሳብ እንደሚያስገባ በደብዳቤ ማረጋገጥ አለበት። ሌላው በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተፈቀደው የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ ነው፤ ማሽንም ሆነ ከሌላ የሚሰበሰብ ገንዘብ ተመዝግቦ ዋስ ይሆናል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች ደግሞ በሙራባሃ ሲሚንቶውንና ብረቱን ራሳቸው ገዝተው በትርፍ ይሸጡለታል። ገንዘቡ በእጁ ስለማያልፍ ወደ ሌላ ጉዳይ አይሾልክም፤ ይህን መልካም ጎኑ አድርጌ አየዋለሁ። ለአነስተኛ ማኅበራት የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ሲንቄ ባንክ፣ ቅርብ ነው።

የልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ ለመሣሪያ ነው፤ ደንበኛው 20 በመቶ ያዋጣል፣ ባንኩ ቀሪውን ይሸፍንና መሣሪያውን ያከራየዋል። ሥራ በእጁ ላለ ሰው ጥሩ ነው። ደመወዝ መክፈል ላቃተው ግን ሌላ ወርኃዊ ዕዳ መጨመር ይሆንበታል።

ዕቁብንም የሚንቅ ተቋራጭ የለም፤ ዕጣ የወጣለትን ሰው አባብሎ፣ ጥቂት ጨምሮለት ዕጣውን መግዛት የቆየ ልማድ ነው። ገንዘብ ያለውን ባልደረባ በሽርክና ማስገባትም፣ የሥራውን ክፍል በሰብ ኮንትራት መስጠትም ከብድር እኩል የሚቆጠር መፍትሔ ነው፤ ትርፍ ይቀንሳል እንጂ ወለድ አይወልድም።

ብዙ ሰው የማያውቀው የመጨረሻው በር በ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243 ተከፍቷል። ሕጉ ከኪሳራ በፊት ነጋዴው በፍርድ ቤት አማካይነት ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር የሚደራደርበትን የመልሶ ማዋቀርና የመልሶ ማደራጀት ሥርዓት አስገብቷል። የመጀመሪያው የሚያገለግለው ዕዳውን መክፈል ገና ላላቆመ፣ ችግሩ ግን ከፊቱ ለሚታየው ነጋዴ ነው። ቼኩ ከተመለሰ፣ ሠራተኛውም ሳይቱን ጥሎ ከሄደ በኋላ ወደ ጠበቃ የሚሮጥ ተቋራጭ ይህን በር ዘግይቶ ያንኳኳዋል።