ስም የወጣላቸው ሴሎችና ማክሮ፦ ተረቱና እውነታው

በብዙ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ኤክሴል ሲያስቸግር የሚጠራ አንድ ሰው አለ። የፔሮሉን ፋይል የሠራው፣ ማክሮውንም የጻፈው እሱ ነው። ሥራ ሲለቅ ፋይሉ ይቀራል፤ ማብራሪያው ግን አብሮት ይሄዳል። ለተረካቢው የሚደርሰው ከአፍ ወደ አፍ የተሻገረ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፦ «ስሞቹን እንዳትነካ»፣ «ረድፍ እንዳታስገባ»፣ «ማክሮው ሲሠራ ሌላ ፋይል እንዳትከፍት»። ማስጠንቀቂያዎቹ ከባዶ የመጡ አይደሉም። ችግሩ ምክንያታቸው ተረስቶ ክልከላው ብቻ መቅረቱ ነው፤ ምክንያት የሌለው ክልከላ ደግሞ ቶሎ ተረት ይሆናል።

«ስም ማለት በሴሉ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው»

የብዙው ስሕተት ምንጭ ይህ ነው። በኤክሴል ውስጥ ስም ማለት መጠሪያ ተሰጥቶት የተቀመጠ ፎርሙላ ነው። ኮንትሮልንና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭነው ኔም ማናጀርን ቢከፍቱ፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በእኩል ይሆናል ምልክት የሚጀምር ነገር ያያሉ። ፎርሙላው አብዛኛውን ጊዜ የሴል አድራሻ ብቻ ስለሆነ ነው ልጥፍ የሚመስለን። ነገር ግን ስም ቁጥር ብቻም ሊይዝ ይችላል። የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በየትኛውም ሴል ሳይጻፉ፣ በስም ብቻ ተቀምጠው ፔሮሉን ሊያሠሩ ይችላሉ። እንዲህ ባለ ፋይል ላይ ማክሮው «ሪፈርስ ቱ ሬንጅ» ብሎ የስሙን ሴል ቢጠይቅ ስሕተት ይመጣል፤ የሚመለስለት ሴል የለማ።

ስምና ሴል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሲሰረዙም ይታያል። ስሙን ቢሰርዙት በሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር አይነካም፤ ስሙን የሚጠሩት ፎርሙላዎች ግን የ«ኔም» ስሕተት ያሳያሉ። ሴሉ ያለበትን ረድፍ ቢሰርዙ ደግሞ ስሙ አብሮ አይጠፋም፤ በውስጡ የ«ሬፍ» ስሕተት ይዞ ፋይሉ ውስጥ ይኖራል።

«ማክሮ ያለበት ፋይል ላይ ረድፍ ማስገባት አይቻልም»

ይቻላል፤ ኮዱ ሴሉን በምን እንደሚጠራው ነው የሚወስነው። በሺቱ ላይ ያሉ ፎርሙላዎች አዲስ ረድፍ ሲገባ አድራሻቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። በኮድ ውስጥ በጥቅስ ምልክት የተጻፈ «ቢ4» ግን ለኤክሴል ተራ ጽሑፍ ነው። ሴሉ ወደ ቢ5 ቢወርድም ኮዱ ቢ4ን ማንበቡን ይቀጥላል፣ ስሕተትም አያወጣም። ስም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ የስሙ አድራሻ ከሴሉ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ኮዱም ስሙን ከጠራ የትም ቢሄድ ያገኘዋል።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያውስ ስሙን ብቀይርም ኮዱ ይከተለኛል» የሚሉ አሉ። አይከተልም። በኔም ማናጀር ስም ሲቀየር ፎርሙላዎቹ ይታደሳሉ፤ በኮዱ ውስጥ ያለው የድሮ ስም ግን አሁንም በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነውና ባለበት ይቀራል። «ስሞቹን እንዳትነካ» የሚለው ምክር መነሻው ይህ ነው። መፍትሔው ስሞቹን ሁሉ በአንድ ሞጁል ራስጌ ላይ በ«ኮንስት» አንድ ጊዜ መጻፍና ከዚያ በኋላ ያንን ብቻ መጥራት ነው። ያን ጊዜ ስም ሲቀየር የሚታረመው መስመር አንድ ብቻ ይሆናል።

«ፊደልና ቁጥር እስከሆነ ድረስ ማንኛውም ስም ይሠራል»

ስም እስከ 255 ቁምፊ ሊረዝም ይችላል፣ ክፍት ቦታ አይቀበልም፣ በቁጥርም አይጀምርም። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው ስም የሴል አድራሻ መምሰል እንደሌለበት ነው። አንድ የሒሳብ ባለሙያ የ1998 ዓ.ም. የቫት መጣኔን በላቲን ፊደል «ቫት1998» ብሎ ቢሰይም ያለ ችግር የሚያልፍ ይመስላል። በኤክሴል 2003ም ያልፍ ነበር፤ ያኔ ዓምዶቹ 256 ብቻ ስለነበሩ ከሁለት ፊደል የሚበልጥ የዓምድ ስም አልነበረም። ኤክሴል 2007 ዓምዶቹን ወደ 16,384 ሲያሳድግ ግን ባለ ሦስት ፊደል ዓምዶች መጡ። ቪ፣ ኤ እና ቲ የተጻፈበት ዓምድ 14,918ኛው ነው፤ «ቫት1998»ም ከዚያ ወዲህ በዚያ ዓምድ 1998ኛ ረድፍ ላይ ያለ ሴል ሆነ።

የቆየ ፋይል ወደ አዲሱ ቅርጽ ሲቀየር ኤክሴል በእንዲህ ያለ ስም ፊት የታች ሰረዝ ይጨምርና በሺቱ ያሉትን ፎርሙላዎች ያስተካክላል። ኮዱን ግን አያስተካክልም። ማክሮው እንደ ለመደው «ቫት1998»ን ሲጠራ ሩቅ ያለውን ባዶ ሴል ያነባል፤ ባዶ ሴል ደግሞ በማባዛት ውስጥ ዜሮ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ማንም ሳያስተውል ቫቱ ዜሮ ሆኖ ይታተማል። ከስሙ መሐል የታች ሰረዝ ማስገባት ለዚህ ይበቃል።

«በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ማክሮ አይሆንም»

ይህ ተረት ግማሽ እውነት ስላለው ነው ዕድሜው የረዘመው። ሺቱን «ደመወዝ» ብሎ መሰየም፣ በሴሎቹም ውስጥ አማርኛ መጻፍ ምንም ችግር የለበትም። የኮድ መጻፊያው መስኮት ግን እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ሥራ ነው፤ ማክሮ የሚጻፍበት ቋንቋ ቪቢኤ ወደ ኤክሴል የገባው እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤክሴል 5 ጋር ነበር። መስኮቱ የሚያውቀው የዊንዶውስን የድሮ የቋንቋ ሠንጠረዦች ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከነዚያ በአንዱም ውስጥ የለም። ስለዚህ በኮዱ ውስጥ «ደመወዝ» ብለው ቢለጥፉ በፊደሎቹ ፈንታ የጥያቄ ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ማክሮውም በጥያቄ ምልክት የተሰየመ ሺት ፈልጎ ያጣል።

አንዳንዱ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሺቶቹን በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሰይማል። አያስፈልግም ነበር። ፊደሎቹን በዩኒኮድ ቁጥራቸው በ«ሲኤችአር ደብሊው» መጥራት ይቻላል፤ ለ«ደመወዝ» 4848፣ 4632፣ 4808 እና 4829 ናቸው። ይሠራል፣ ግን እንዲህ የተጻፈ ኮድ ከወር በኋላ ለጻፈውም ሰው አይነበብም። የሚሻለው ለሴሉ በላቲን ፊደል ስም ማውጣት ነው። ስሙ ሺቱን በውስጡ ስለያዘ፣ ኮዱ «ዲስ ዎርክቡክ» (ኮዱ ያለበት ፋይል) ካለው የስሞች ስብስብ ያንን ስም ጠርቶ «ሪፈርስ ቱ ሬንጅ» ሲል ወደ አማርኛው ሺት ይደርሳል፤ የሺቱን ስም አንድም ጊዜ መጻፍ አላስፈለገውም። ነገ ተጠቃሚው «ደመወዝ»ን «የሠራተኞች ደመወዝ» ብሎ ቢቀይረው እንኳ ማክሮው ይሠራል።

«በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚኖረው»

ስም የፋይሉ በሙሉ ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ሺት ብቻም ሊሆን ይችላል፤ በኔም ማናጀር «ስኮፕ» የሚለው ዓምድ ይህን ያሳያል። የመስከረምን ሺት ቀድተው ጥቅምትን ሲሠሩ፣ መስከረም ላይ ያመለክቱ የነበሩ የፋይሉ ስሞች በጥቅምት ሺት ላይ የሺቱ ብቻ ሆነው ይባዛሉ። ጳጉሜን ሲደርስ አንድ ስም በየወሩ ሺት ተደግሞ ይገኛል። መጣኔው መስከረም ላይ ቢታረም ጥቅምት የራሱን ነው የሚያነበው። ሁሉም ወር የሚጋራቸውን መጣኔዎች ማንም በማይቀዳው አንድ የተለየ ሺት ላይ ማስቀመጥ ይህን ያስቀራል።

ሌላ ፋይል መክፈትን የሚከለክለው ምክርም የዚህ ችግር ቅርብ ዘመድ ነው። በመደበኛ ሞጁል ውስጥ «ሬንጅ» ብሎ ብቻውን የተጻፈ ትእዛዝ የሚፈልገው ኮዱ ባለበት ፋይል ውስጥ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ፊት ለፊት ባለው ፋይል ውስጥ ነው። ፊት ያለው ፋይል ያ ስም ከሌለው 1004 የሚባለው ስሕተት ይመጣል። ፊት ያለው ያለፈው ወር ፔሮል ከሆነስ? ስሙ እዚያም ስላለ ማክሮው ያለ ምንም ቅሬታ ያለፈውን ወር ያነባል። «ዲስ ዎርክቡክ» ብሎ መጀመር ክልከላውን አላስፈላጊ ያደርገዋል።

«ስሙ ካለ ኤክሴል ያስጠነቅቃል»

በእጅ ሲሞክሩት አዎ። ኮዱ በ«ኔምስ አድ» ሲፈጥረው ግን የነበረውን ዝም ብሎ ይተካዋል። አድራሻውን በጽሑፍ ሲሰጡት የእኩል ይሆናል ምልክት ከረሱ ስሙ ሴሉን ሳይሆን የአድራሻውን ጽሑፍ ይይዛል፤ የዶላር ምልክቶቹን ከረሱ ደግሞ ስሙ ጠቋሚው በቆመበት ሴል ልክ የሚንሸራተት ይሆናል። በጽሑፍ ፈንታ ራሱን የሬንጅ ኦብጀክቱን መስጠት ከሁለቱም ያድናል፣ የአማርኛ ሺት ስም ከመጻፍም ጭምር።

ስም ኤክሴልን ያዘገያል ይባላል። ስም በራሱ አያዘገይም፤ በውስጡ «ኦፍሴት» ያለበት ከሆነ ግን ሒሳቡ በተነካ ቁጥር እንደገና ይሰላል። ለሚያድግ ዝርዝር በኮንትሮል ቲ የሚሠራው ቴብል ይሻላል። ስም ለመጠቀም የማክሮ ፋይል ያስፈልጋል የሚለውም ልክ አይደለም፤ በኤክስኤልኤስኤክስ ሲቀመጥ የሚጠፋው ኮዱ ነው፣ ስሞቹ ይቀራሉ።

«ኔም ማናጀር ሁሉንም ያሳያል፣ የተበላሸውን ሁሉ መሰረዝ ነው»

ስም በኮድ ሊደበቅ ይችላል፤ «ቪዚብል» የሚለው ባሕርዩ «ፎልስ» ከሆነ ኔም ማናጀር ውስጥ አይታይም። ለዓመታት ከፋይል ወደ ፋይል ሲቀዱ የኖሩ ሺቶች እንዲህ ያሉ ስሞችን ተሸክመው ይመጣሉ። ሺት በተቀዳ ቁጥር «ይህ ስም አስቀድሞ አለ» የሚል መልእክት ሲደጋገም፣ ወይም ማንም የማያውቀው ሊንክ ይታደስ እንደሆነ ፋይሉ ሲከፈት ሲጠይቅ፣ ከተደበቁ ስሞች መጀመር ተገቢ ነው።

ስሞቹን ሁሉ የሚሰርዝ አጭር ዙር መጻፍ ቀላል ነው፣ የሚያስቆጭም ነው። የኅትመት ክልሉና በየገጹ የሚደገመው ራስጌም ስሞች ናቸውና አብረው ይሄዳሉ። ከመሰረዝ በፊት ማክሮው ስሞቹን በአዲስ ሺት ላይ ይዘርዝር፦ ስሙ፣ የያዘው ፎርሙላ፣ የማን እንደሆነ፣ የተደበቀ መሆን አለመሆኑ። ፎርሙላው ሲጻፍ ከፊቱ አንድ ነጠላ ጥቅስ ይግባ፤ አለዚያ ሴሉ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። ከዚያ «ሬፍ» ያለባቸውን ብቻ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየቆጠሩ መሰረዝ ነው። ማክሮ ከሄደ በኋላ ኮንትሮል ዜድ ስለማይሠራ፣ በስሕተት የተሰረዘ ስም የሚመለሰው ከዚያ ዝርዝር ላይ ነው።