ከሱማትራ እስከ ሽንፋ፦ በመተማ ደለል ውስጥ የተገኘው መስታወት

በመተማ ቆላ የሚያልፈው የሽንፋ ወንዝ ክረምት ላይ ደፍርሶ ይሞላል፤ በጋው ሲበረታ ይቆራረጥና ውሃው እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ወንዝ ዳር፣ ተመራማሪዎች “ሽንፋ መተማ 1” ባሉት ቦታ፣ ከደለሉ የመስታወት ቅንጣቶች ወጥተዋል። የጠርሙስ ስባሪ አይደሉም፤ የሰው እጅም አልሠራቸውም። ከፀጉር ስለሚቀጥኑ በዓይን አይታዩም። የተፈጠሩት ከዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ከመተማ ወደ 7 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቀው የኢንዶኔዥያው ሱማትራ ደሴት፣ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ነው።

እሳተ ገሞራ መስታወት የሚሠራው በፍጥነት ነው። ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ ዐለት ጋዝ አምቆ ይይዛል። ሲፈነዳ ጋዙ አረፋ እየሆነ ቅልጡን ይበታትነዋል፤ ብትንትኑም ወደ ማዕድንነት ለመርጋት ፋታ ሳያገኝ ይቀዘቅዛል። የጥንት ሰዎች መሣሪያ የጠረቡበት የእኛው ባልጩትም የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። የቶባው ግን እንደ ዱቄት ደቅቆ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ደቃቁን ነፋስ የሕንድ ውቅያኖስን አሻግሮ አፍሪካ አደረሰው።

የቶባ መሆኑ በምን ታወቀ? ኢትዮጵያ ራሷ የእሳተ ገሞራ አገር ስለሆነች ጥያቄው ተገቢ ነው። ደለሉ ከታች እስከ ላይ በየንብርብሩ ይወሰዳል፣ ይታጠባል፣ ይነፋል፤ ከዚያም ክብደቱ ተመጥኖ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል። መስታወት ከአብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት ስለሚቀል ይንሳፈፋል። በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ተለቅሞ በሙጫ ከተያዘና ከተወለወለ በኋላ የኤሌክትሮን ጨረር ይለቀቅበታል፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም የራሱን መለያ ኤክስሬይ ያወጣል። በስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎቻችን ብዙ መስታወት ውስጥ ብረትና ሶዲየም ይበዛል። በቶባው ሲሊካው 77 በመቶ ገደማ ሲሆን ብረቱ ከ1 በመቶ ብዙ አይርቅም፤ ፖታሲየሙ ግን ከፍ ያለ ነው። መስታወት መሬት ውስጥ ሲቆይ ውሃ ይጠጣል፣ ሶዲየሙም እየታጠበ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱን ንጥረ ነገር ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ብዙዎቹ ባንድነት ከቶባ ናሙና ጋር መግጠም አለባቸው።

በቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን ግኝቱን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኔቸር መጽሔት አወጣ። እነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች ከሌላው ግኝት ሁሉ ይበልጥ ዋጋ አላቸው ብዬ አምናለሁ። ቦታው ላይ የተጠረቡ ድንጋዮች፣ የቢላ ጭረት ያለባቸው የእንስሳት አጥንቶችና የእሳት ምልክቶች ተገኝተዋል፤ ከድንጋዮቹ መካከል የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትንንሽ ሹል ድንጋዮች አሉ። መስታወቱ ባይኖር ኖሮ ግን እነዚህ ሰዎች ቶባ ሲፈነዳ እዚያ እንደነበሩ ማን ይመሰክር ነበር? ቅንጣቶቹ ያረፉበት ንብርብር ከፍንዳታው በፊት የነበረውን በኋላ ከመጣው ይለያል።

በኋላ የመጣው ደግሞ አስደናቂ ነው። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኬሚስትሪ በጋው እንደ ከፋ ያሳያል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፤ ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ አብዝተው በሉ። ወንዙ ሲደርቅ ዓሣው በየኩሬው ስለሚታጎር ማጥመዱ ይቀላል። ኩሬው ሲሟጠጥ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ሰው ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ ወንዝ ለወንዝ እየተጓዘ ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ። ቶባ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር የሚለው የቆየ መላ ምት በሽንፋ ዳር ጠንካራ ተቃውሞ ገጥሞታል። የቶባ መስታወት በደቡብ አፍሪካው ፒናክል ፖይንትም ተገኝቷል፤ እዚያም ሰው መኖሩን አላቋረጠም።

ይህን ሁሉ ማንበብ የተቻለው የደለሉ ንብርብር ሳይደበላለቅ በመቆየቱ ነው። በሽንፋና በጓንግ ወንዞች ዳር የምታርሱ፣ አሸዋ የምታወጡ ወገኖች፣ የተጠረበ ድንጋይ ወይም ያረጀ አጥንት ከአፈሩ ብቅ ሲል ካያችሁ ከቦታው ሳታነሱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።