ከኮን መደርደሪያ እስከ ደሴ መጋዘን

እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ካለ፣ አዋላጇ መጀመሪያ የምታነሣው ኦክሲቶሲን ነው። ትንሽ ብልቃጥ ነች። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባት፤ የሰሜን ወሎዋ ዋድላ ውርጭ የቱንም ያህል ቢበረታ ፍሪጅን አይተካም። በዋድላዋ ከተማ በኮን ይህች ብልቃጥ ካለቀች ተተኪዋ የምትመጣው ከደሴ ነው። ከደሴ ወደ ኮን የሚመጣ መኪና ደግሞ ወይ በወልዲያ ዞሮ የድልብን አቀበት ወጥቶ በጋሸና በኩል ይደርሳል፣ ወይ በኩታበርና በደላንታ አድርጎ የዥጣን ገደል ይሻገራል። ዥጣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ ያስቆረጡበት ገደል ነው። ዛሬም ቢሆን የዋዛ መንገድ አይደለም። ደም የሚፈስሳትን ወላድ መኪናው እስኪመጣ ጠብቂ ማለት አይቻልም። ብልቃጡ ሊያልቅ መሆኑ ከሳምንታት በፊት ደሴ ላይ መታወቅ አለበት። ይህን የማሳወቅ ኃላፊነት የተጣለበትን ሥርዓት ነው እዚህ የምናስተዋውቀው።

አገራችን የሕክምና አቅርቦትን በአንድ ተቋም ሥር ለማድረግ የወሰነችው በ1999 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የቲቢው፣ የወባው፣ የኤች.አይ.ቪው፣ የቤተሰብ ዕቅዱ መድኃኒት እያንዳንዱ በየራሱ መንገድና በየራሱ ቅጽ ይጓዝ ነበር። አንዱ ሆስፒታል የሞላው ሌላው ያጣ መሆኑን ለማወቅ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያይ ዓይን አልነበረም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አይ.ፒ.ኤል.ኤስ. የሚባለው የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለና ቅጾቹ አንድ ሆኑ። ሰሜን ወሎ በዚህ ሥርዓት የሚገናኘው ከደሴው ቅርንጫፍ ጋር ነው።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ከመደርደሪያው ነው። ከእያንዳንዱ መድኃኒት አጠገብ ቢን ካርድ የሚባል ካርቶን ይቀመጣል። ዕቃ በሞዴል 19 ሲገባ፣ በሞዴል 22 ሲወጣ ቀኑና የሰነዱ ቁጥር እዚያ ላይ ይሰፍራል፤ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደቀረ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ይመዘገባል። ቀድሞ የሚያልፍበት ከፊት ይደረደራል፤ የሚወጣውም መጀመሪያ እሱ ነው። በየሁለት ወሩ ሆስፒታሉና ጤና ጣቢያው እነዚህን ካርዶች ሰብስበው አር.አር.ኤፍ. የሚባለውን የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ይሞላሉ። ጤና ኬላዎች ደግሞ በየወሩ ለጤና ጣቢያቸው ያሳውቃሉ።

ስሌቱን ለማሳየት አንድ የግምት ምሳሌ እንውሰድ። በሁለት ወሩ መጀመሪያ 200 የኦክሲቶሲን ብልቃጥ ነበረ እንበል። 240 ገባ፣ 10 ተሰበረ፣ መጨረሻ ላይ 130 ተገኘ። ጥቅም ላይ የዋለው 300 ነው ማለት ነው። ደንቡ አንድ ሆስፒታል እስከ አራት ወር የሚበቃ ክምችት እንዲይዝ ስለሚፈቅድ ጣሪያው 600 ይሆናል፤ በእጅ ያለው 130 ተቀንሶ 470 ይጠየቃል። ክምችቱ ከሁለት ወር በታች መውረድ የለበትም። የግማሽ ወር ብቻ ከቀረ ተራ መጠበቅ የለም፤ አስቸኳይ ጥያቄ ይላካል።

እስከዚህ ቀላል ነው። በዚህ ሁሉ ቅጽ ውስጥ ከየትኛውም ዓምድ አስበልጬ የማየው ግን መድኃኒቱ ጠፍቶ የቆየበት ቀን የሚጻፍበትን ነው። ያው ሆስፒታል ከስልሳው ቀን የመጨረሻውን ሠላሳ ባዶ መደርደሪያ ይዞ ቢቆይ፣ የተጠቀመው 150 ብቻ ሆኖ ይመዘገባል። ባለሙያው የጠፋበትን ቀን ካልጻፈ ስሌቱ ጣሪያውን 300 ያደርገዋል፤ የሚጠየቀውም 300 ብቻ ይሆናል። ቀኑ ከተጻፈ ግን 150 የሠላሳ ቀን ፍጆታ መሆኑ ይታወቃል፣ የስልሳው 300 ይሆናል፣ ትክክለኛው ጥያቄም 600 ነው። ያልተሞላው ዓምድ ግማሹን መድኃኒት አስቀረ ማለት ነው። የመጣው 300 ለሁለት ወር ብቻ በቅቶ፣ መኪናው ጥቂት ቀን ከዘገየ መደርደሪያው እንደገና ባዶ ይሆናል። ያጣ ሆስፒታል ስላጣ ብቻ ያነሰ ይላክለታል። ደሴ የተቀመጠው ሰው ቅጹን አይቶ «ኮን ብዙም አይጠቀሙም» ቢል አይፈረድበትም፤ የደረሰው ወረቀት ያለው ያንኑ ነው።

ኮምፒውተር የገባው ይህን ዓይነቱን ስሕተት ለመቀነስ ነው። ዳጉ የሚባለው ሶፍትዌር በሆስፒታሉ መጋዘን ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ገቢና ወጪን ይመዘግባል። ስሙን የወሰደው ከአፋሮች የዜና ልውውጥ ነው። ባለሙያው በየቀኑ በትክክል ካስገባ የቅጹን ስሌት ራሱ ይሠራል፣ የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡትን ለይቶ ያሳያል፣ ሪፖርቱን ለቅርንጫፉ ይልካል። ለክትባት ደግሞ ምብራና የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። ደሴ ላይ የተቀመጠ ሰው ኮን ሊያልቅበት መሆኑን፣ ላሊበላ ደግሞ ያው መድኃኒት ተርፎት የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ መሆኑን በአንድ ጊዜ ማየት ከቻለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። የተያያዘ መረጃ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሊቃጠል የነበረ መድኃኒት ሰው ያድናል።

ሌላም ጥቅም አለው። የኤም.አይ.ቲው ጄይ ፎረስተር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ከችርቻሮው የሚነሣ ትንሽ የፍላጎት ለውጥ ወደ ጅምላ አከፋፋዩ፣ ከዚያም ወደ ፋብሪካው በሄደ ቁጥር እየገነነ እንደሚሄድ አሳይቷል። እጥረት ያስፈራው ሆስፒታል አብዝቶ ይጠይቃል፤ ቅርንጫፉ ጥያቄ በዛ ብሎ ከማዕከል የበለጠ ይጠይቃል፤ ማዕከሉ ከውጭ አብዝቶ ይገዛል፤ በመጨረሻም መጋዘኑ ማንም በማይፈልገው ካርቶን ይሞላል። መድኃኒቱ የት ስንት እንዳለ ሁሉም እኩል ካዩ ግን ፍርሃቱ ይቀንሳል፣ ግዢውም ልክ ያገኛል።

ቁጥሩ ሁሉን አያውቅም። የሁለት ወር አማካይ ገና ሲደርስ ላሊበላ ምን ያህል ምእመን እንደሚጎርፍ አይነግረንም። የሐምሌና የነሐሴ ፍጆታም ከመስከረም በኋላ በቆላው ወባ እንደሚነሣ አያሳይም። ይህን የሚያውቀው አገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ነው፤ እሱ ጨምሮ ካልጠየቀ ሶፍትዌሩ አይጠይቅለትም።

ደግሞም የመረጃው ገመድ ሲበጠስ ምን ይደረጋል? ሰሜን ወሎ ይህን ጥያቄ በመከራ ነው የተማረችው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ታኅሣሥ በዘለቀው ጦርነት የአካባቢው ብዙ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲከፋ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። መብራት የሚጠፋበት ቀን ደግሞ ሳይቆጠር ነው። እነዚህን ሥርዓቶች ከመነሻቸው ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ የልማት ድርጅት ገንዘብም በ2017 ጥር ታገደ። ስለዚህ ኮምፒውተር ገባ ብሎ ቢን ካርዱን ያነሣ መጋዘን ተሳስቷል እላለሁ። ካርቶኑ መብራት አይፈልግም። ሪፖርቱም በኢንተርኔት ካልሄደ በፍላሽ፣ በፍላሽ ካልሆነ በወረቀት ከአምቡላንስ ሾፌር ጋር ሊሄድ ይችላል። ዋናው ደሴ መድረሱ ነው።

በዚሁ በአማራ ክልል ጥሩ አርአያ አለ። በ2003 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ. የሚባለው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት አሠራር፣ ከመጋዘን የወጣውን፣ ከፋርማሲ መስኮት ለታካሚ የተሰጠውንና የተሰበሰበውን ብር አንድ ላይ የሚያመሳክር ነው። ከዚያ ወደ ሌሎች ክልሎች ሆስፒታሎች ተስፋፋ። መሠረቱ ቆጠራና ደረሰኝ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ሆስፒታል ሊጀምረው ይችላል።

ጉዳዩ ቢሮ ውስጥ የሚቀር እንዳይመስለን። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን መዋጮውን በጊዜው የከፈለ የዋድላ ገበሬ ሆስፒታል ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል ለመድኅኑም ለመድኃኒቱም ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው። በግ ሸጦ የግል መድኃኒት ቤት ፍለጋ የሚሄድ አለ። በሚቀጥለው ዓመት መታወቂያውን አላድስም ቢል ልንወቅሰው አንችልም።

የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ የወረዳና የዞን ጤና ኃላፊዎች ሆይ፦ የስቶር ባለሙያችሁን ሌላ ሥራ እየደረባችሁ አታሩጡት። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን በሩን ዘግቶ ይቁጠር። በየሁለት ወሩ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊትም የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ተቀምጦ አንድ ነገር ይጠይቀው፦ መድኃኒቱ ስንት ቀን ጠፍቶ ነበር? መልሱ ከቅጹ ላይ ይጻፍ።