የውሎ ማስታወሻ ደብተር፦ በራያ ቆላ ሥራን፣ ቤትንና ማኅበራዊ ኑሮን የሚያመዛዝን የግል መዝገብ

የውሎ ማስታወሻ ደብተር አንድ ሰው የቀኑን ሥራ፣ የቤቱን ጉዳይና የሚጠብቁትን ማኅበራዊ ግዴታዎች በገዛ እጁ እየጻፈ የሚያሰፍርበት የግል መዝገብ ነው። ለአለቃ የሚቀርብ ሪፖርት ባለመሆኑ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ይለያል፤ ዋና ጉዳዩ ስሜት ሳይሆን ጊዜ በመሆኑ ደግሞ በተለምዶ ዲያሪ ተብሎ ከሚታወቀው የትዝታና የምሥጢር ደብተር ይለያል። በውስጡ የሚሰፍረው ቀኑ ለማን እንደዋለ፣ ምን ተጀምሮ ምን እንደቀረ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ስንት ሰዓት ላይ አብቅቶ የቤቱ ሰዓት መቼ እንደጀመረ ነው። የሥራና የኑሮ ሚዛን የሚባለው አሳብ፣ ማለትም ደመወዝ የሚያስገኘው ሥራ የቤተሰብን፣ የዕረፍትንና የጤናን ጊዜ እንዳይውጥ የመጠበቅ ጥረት፣ ከዚህ ደብተር ጋር የሚገናኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልተለካ ጊዜ ሊመዛዘን አይችልምና።

በራያ ቆላ ጊዜ እንዴት እንደሚውል ለማየት ቆቦ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በምዕራብ የግዳን ደጋ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች በሚያዋስኑት ሜዳ የምትገኝ የራያ ቆቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሜዳው የማሽላና የጤፍ አገር ሲሆን፣ ዝናቡ በበልግና በክረምት ተከፍሎ የሚመጣና ብዙ ጊዜም የማያስተማምን በመሆኑ፣ ገበሬው ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሳውን ሲያጠጣ ኖሯል፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነት የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ እየተሳበ መስኖ ተስፋፍቷል። ጎርፍ ሌሊት ቢመጣ ገበሬው ሌሊት ይወጣል፤ የውኃ ተራም የቢሮ መግቢያና መውጫ ሰዓት አይጠብቅም። በዚህ አገር የሚሠራ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ምንም እንኳ ደመወዝተኛ ቢሆን፣ ወላጆቹ ወይም የትዳር ጓደኛው ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ ገበሬዎች ስለሆኑ፣ የማሽላው አረም፣ እሸቱ ሲደርስ ከማማ ላይ የሚደረገው ወፍ ጥበቃና አጨዳው ለእርሱም የሥራ ወቅቶች ናቸው።

በውጭ አገር የተዘጋጁ የማስታወሻ ደብተር መመሪያዎች ሚዛንን ባለሁለት ወገን አድርገው ያቀርቡታል፤ በአንድ በኩል ሥራ፣ በሌላው በኩል የግል ሕይወት ይቆማል። በራያ ቆላ ግን ሦስተኛ ወገን አለ፣ እርሱም ማኅበራዊ ግዴታ ነው። ለቅሶ መድረስ፣ የዕድር ወር መዋጮና ስብሰባ፣ ዕቁብ፣ ማኅበርና ሰንበቴ፣ የጎረቤት ሠርግ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለደቦ መጠራት፣ በሽምግልና መቀመጥ ከሥራም ሆነ ከዕረፍት የማይመደቡ፣ ነገር ግን ሰዓትና ገንዘብ የሚወስዱ ተግባራት ናቸው። ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሚበዛ በእነዚህ ወቅቶች የሦስተኛው ወገን ክብደት በግልጽ ይጨምራል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በለቅሶም በሠርግም አብረው ስለሚቆሙ የግዴታው ስፋት ከአንድ ሃይማኖት በዓላት ያልፋል። ይህን ወገን ያላካተተ ደብተር፣ ገጹ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በቆቦ ለሚኖር ሰው የተሳሳተ ሒሳብ ይሰጠዋል፤ ሰውየው ጊዜው የት እንደገባ ጠፍቶት ራሱን ሰነፍ ነኝ ብሎ እንዲወቅስ ያደርገዋል፣ ይህም ፍትሐዊ አይደለም።

የቤት ውስጥ ሥራም እንዲሁ የሚዘነጋ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ሰዎች የ24 ሰዓት ውሏቸውን እንዲናገሩ ተደርጎ ሲመዘገብ፣ ክፍያ የሌለው የቤት ውስጥ ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ መውደቁ በቁጥር ታይቷል። የውሎ ማስታወሻ በባሕርዩ ከዚህ ጥናት ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚጠናው አንድ ሰው ብቻ መሆኑና ውጤቱም ለዚያው ሰው መዋሉ ነው። ባልና ሚስት ለአንድ ሳምንት እየጻፉ ቢያስተያዩ፣ እንጀራ መጋገሩ፣ ውኃ መቅዳቱና ልጅ ማስታመሙ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ያለ ክርክር ይታያል።

ወረቀት ለገጠር ሠራተኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በሚገባ ያሳያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው በዚህ ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ ተቋቁሞ፣ በመደበኛው አሠራር ሁለት ሴት ሠራተኞች እየተመደቡ ቤት ለቤት የጤና ትምህርትና የመከላከል አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተዋል። ሠራተኞቹ የእያንዳንዱን ቤተሰብ መረጃ የሚይዙት የቤተሰብ ማኅደር በሚባል አቃፊ ሲሆን፣ በውስጡ የአባላቱ የጤና ካርዶች ይቀመጣሉ። ከዚህ ጎን ለጎን በወራት የተከፋፈለ የማስታወሻ ሳጥን አለ፤ ነፍሰ ጡሯ ወይም ክትባት የሚጠብቀው ሕፃን ተመልሶ በሚታይበት ወር ክፍል ውስጥ ካርዱ ይገባል፣ አገልግሎቱ ሲሰጥ ካርዱ ይወጣል፣ ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የቀረው ካርድ ያልመጣው ሰው ማን እንደሆነ ይናገራል። አንድ ሰው ሁሉን በጭንቅላቱ ይዞ እንዳይጨነቅ፣ የቀረውም ተረስቶ እንዳይቀር የሚያደርግ፣ መብራትም ኔትወርክም የማይፈልግ ብልኅ አሠራር ነው።

ሆኖም ይህ ሁሉ ወረቀት የሚያገለግለው ታካሚውንና መሥሪያ ቤቱን ነው። ሠራተኛዋ የምትኖረው በምታገለግለው ቀበሌ ውስጥ ስለሆነ በሯ በማታም በሰንበትም ይንኳኳል፤ የእርሷ ሰዓት፣ የእርሷ ዕረፍትና የእርሷ ልጆች የሚመዘገቡበት ካርድ የለም። መምህሩም የፈተና ወረቀት ይዞ ቤቱ ይገባል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ገበሬው በሚመቸው ሰዓት ማሳ ላይ ይገኛል። የውሎ ማስታወሻ ደብተር ይህን ክፍተት የሚሞላ መሣሪያ ነው፤ ለሌላው ሰው የተዘረጋውን የመዝገብ ጥበብ ሠራተኛው ለራሱ እንዲጠቀምበት ያስችለዋል።

መጻፍ ለምን እንደሚረዳ የሥነ ልቦና ምርምር የተወሰነ መልስ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢ. ጄ. ማሲካምፖና ሮይ ባውማይስተር ያሳተሙት ጥናት፣ ያላለቀ ጉዳይ ሰው ሌላ ነገር በሚሠራበት ጊዜ እየመጣ አሳቡን እንደሚከፋፍል፣ ጉዳዩ ባይፈጸምም እንኳ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም ቁርጥ ያለ ዕቅድ ከወጣለት ግን ይህ ረብሻ እንደሚቀንስ አመልክቷል። በቴክሳስ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሙከራ ደግሞ 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጎ፣ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን የዘረዘሩት ያለፈውን ሥራ ከዘረዘሩት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ዝርዝሩ ይበልጥ ግልጽ በሆነ መጠንም እንቅልፉ ይበልጥ ፈጥኗል። ሙከራው በአንድ ሌሊት በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ሊጋነን አይገባም፤ ይሁን እንጂ ደብተሩ ቀኑን ለመዝጋት ሲያገለግል ይበልጥ እንደሚጠቅም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለመስመር የተማሪ ደብተር ይበቃል፤ ለአንድ ቀን አንድ ገጽ ተመድቦ በማስመሪያ ሦስት ዓምዶች ይከፈሉበታል፣ የመጀመሪያው ለመሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛው ለቤት፣ ሦስተኛው ለማኅበራዊ ጉዳይ። ጠዋት በየዓምዱ ከሁለት ወይም ከሦስት የማይበልጡ ጉዳዮች ይጻፋሉ፤ ከዚያ በላይ የሚጽፍ ሰው ማታ የሚያገኘው የሽንፈት ዝርዝር ነው። በጥቅምት ወር አጋማሽ ላይ የአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገጽ ቢታሰብ፣ በመጀመሪያው ዓምድ «ክትባት፣ ከ2፡30 እስከ 6፡30፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ከ8፡00 ጀምሮ»፣ በሁለተኛው «የልጅ ደብተር መግዛት፤ እናቴን ማሳከም»፣ በሦስተኛው «የዕድር መዋጮ፤ ለቅሶ፣ 10፡00 ሰዓት» የሚል ሊነበብ ይችላል። ማታ የተፈጸመው ይሰረዛል፣ ያልተፈጸመው የሚፈጸምበት ቀን ተጽፎለት ወደዚያ ገጽ ይዛወራል፣ ከገጹ ግርጌ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ያበቃበት ሰዓት በቁጥር ይሰፍራል። ሦስት ጊዜ የተዛወረ ጉዳይ ወይ የማያስፈልግ ነው ወይ የሌላ ሰው እርዳታ የሚሻ ነው ተብሎ መቆጠር ይኖርበታል። በሳምንቱ መጨረሻ የግርጌዎቹ ሰዓቶች በአንድ ላይ ሲነበቡ፣ በድካም ብቻ ይታወቅ የነበረው ነገር በቁጥር ይታያል። ከጤና ኬላው ሳጥን በመማርም የደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ለወራት ሊከፋፈሉና ወደፊት የሚመጣው ጉዳይ በየወሩ ሊመዘገብባቸው ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩ የራሱ ጥያቄ አለው፣ እርሱም በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። በገበያ የሚገኘው አጀንዳ፣ ማለትም ቀን የታተመበት ባለጠንካራ ሽፋን ደብተር፣ ብዙውን ጊዜ ከመስከረም 1 ይጀምራል፤ የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚዘልቅ በመሆኑ ዕቅዱም የሩብ ዓመት ሪፖርቱም በዚያው ይሄዳል። በሰኔ የዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ሲያጣድፍ ማሳው ላይም እርሻና ዘር አለ፤ በሐምሌ አዲሱ ዕቅድ ሲጀመር አረሙም ይደርሳል። ለራያ ቆላ ሠራተኛ ዓመቱ የሚጠብበት ቦታ ይህ ነው፣ አጀንዳው ግን ገና አዲስ አልሆነም። በዚህ ላይ ሙስሊሙ የሚከተለው የሂጅራ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ስለሚመጣ፣ የረመዳን ወር በአንዳንድ ዓመታት ከአጨዳ፣ በሌሎች ዓመታት ከበጋው ሙቀት ጋር ይገጥማል። ክርስቲያኑ ደግሞ በየወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ29 በዓለ ወልድን ያስባል፤ እርሻ የማይታረስባቸው እነዚህ ቀናት በአንዳንድ ጽሑፎች የምርት እንቅፋት ተደርገው ቢቀርቡም፣ ከድካም የመጠበቂያ ጥንታዊ ሥርዓት ሆነው ማገልገላቸው ሊካድ አይገባም። ደብተሩን የሚያዘጋጅ ሰው በወሩ መግቢያ እነዚህን ቀናት አስቀድሞ ቢያሰፍር፣ ዕረፍቱ ከሥራ የተረፈ ሳይሆን ሥራው የሚታቀድበት ማዕቀፍ ይሆናል። ነሐሴ 16 ሲቃረብ በቆቦ የልጃገረዶች የሶለል ጨዋታ እንደሚጀመር የሚያውቅ ሴት ልጆች ያሉት ሰው ያን ሳምንት በስብሰባ አይሞላውም።

የሰዓት ማስታወሻ በሕግ ፊትም ጥቅም አለው። በግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩትን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም የ16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ደንግጓል። በየዕለቱ ሥራ ያበቃበትን ሰዓት የመዘገበ ሠራተኛ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲነጋገር ከትዝታው ይልቅ የሚያስረግጥ ነገር ይኖረዋል፤ ማስታወሻው ብቻውን ማስረጃ ሆኖ ይረታል ማለት ባይሆንም፣ ንግግሩን ከስሞታ ወደ ሒሳብ ያሸጋግረዋል።

ስልክ እያለ ወረቀት ለምን የሚለው ጥያቄ በቆቦ ተጨባጭ መልስ አለው። ከተማዋ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባት ናት፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ከተማዋ በምትገኝበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ደብተር ኔትወርክ ቢጠፋም መብራት ቢቋረጥም ይጻፍበታል። ከዚህም በላይ ስልኩ ራሱ ሥራ ወደ ቤት የሚገባበት በር ነው፤ የቴሌግራም ቡድን መልእክት ከማታው 3፡00 ሰዓት ሲመጣ፣ ዕቅዱን በዚያው ስልክ የያዘ ሰው መልእክቱን ሳያይ ዕቅዱን ሊያይ አይችልም። ለደብተሩ ሊደረግለት የሚገባው ጥንቃቄ አንድ ብቻ ነው፤ የታካሚም ሆነ የተማሪ ምሥጢር፣ የሽምግልና ጉዳይም በስም ሊጻፍበት አይገባም፣ ደብተር ይጠፋል፣ በሌላ እጅም ይነበባልና።

ደብተሩ የሥራ ጫናን አይቀንስም። ሁለት ሰው የሚያስፈልገውን ሥራ አንድ ሰው እየሠራው ከሆነ፣ ወረቀቱ የሚያደርገው ነገር ጫናውን ማሳየት ነው፤ ማቃለሉ የኃላፊው ድርሻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ አጀንዳ አሳትመው ለሠራተኞቻቸውና ለደንበኞቻቸው የሚያድሉ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች፣ ቢያንስ ለሠራተኛ የሚሰጠውን ከሐምሌ 1 የሚጀምር፣ ሦስት ዓምዶች ያሉትና በየገጹ ግርጌ «ሥራ ያበቃበት ሰዓት» የሚል መስመር የተሰመረበት አድርገው ቢያሳትሙት መልካም ነው፤ ኃላፊዎችም በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሠራተኛው በፈቃዱ የሚያመጣውን የዚያን መስመር ድምር ተቀብለው ከሪፖርቱ ጋር ሊያዩት ይገባል።